በሰማይ ቆሞ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

አንድ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ወዳጃችን ከሀገረ ሕይወት፥ ዛሬ አምቦ ከምትባለው ከተማ፥ በተመለሰ ዕለት ፊቱን አጥቍሮ ከቤታችን ገባ። የሄደበት ጉዳይ የሚያስደስት እንጂ የሚያስቈጣ አልነበረም፤ የደንዲንና የወንጪን ሐይቆች ከሄሊኮፕተር ላይ ሆነው ፎቶግራፍ ከሚያነሡ ሰዎች ጋር እንዲወጣ ታዝዞ ነበርና። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጁንም አገሩን ከላይ አይቶ ይደሰት ብሎ ይዞት ሄደ። አብራሪው ግን ተሳፋሪውን ሁሉ ከነሻንጣው በሚዛን ላይ እያቆመ ክብደቱን ከጻፈ በኋላ፥ «ክቡርነትዎ፥ ልጁ ከዚህ ይቆይልን» አለው። ወዳጃችንም፥ «ሠላሳ አምስት ኪሎ ምን ያህል ነው?» ቢለው፥ «ከዚህ ላይ ምንም አይደለም፤ ከወንጪ አፋፍ ላይ ግን ብዙ ነው» ብሎ መለሰለት።

ይህን ሲነግረን ባለቤቱ ከአጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ነገሩን ሁሉ ጸጥ ብላ ከሰማች በኋላ፥ «ጌታዬ፥ ልጄን በደኅና የመለሰልኝን ሰው ነው እንዴ እስካሁን የሚያሙት?» አለችው። እኛም ምክንያቱን ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን የእርሷ ፍርድ ትክክል ሆኖ ስላገኘነው፥ ከዚህ እንደሚከተለው እንጽፋለን።

ሄሊኮፕተርን የሚሸከማት አየር ነው፤ አየሩ በሳሳ መጠን ጕልበቷ ይቀንሳል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሯ ክብደት በባሕር ዳር ካለው አየር ከመቶ 80 እጅ ያህል ብቻ ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው የወንጪ አፋፍ ግን 3,386 ሜትር ስለሚደርስ፥ ከመቶ 71 እጅ ያህል ብቻ ይቀራል። ቀትር ላይ ሲሞቅ ከዚህም ይብስ ይሳሳል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው።

ደግሞ ማንም ሰው በሰማይ ላይ ከመሄድ ይልቅ መቆም የሚቀልል ይመስለዋል፤ እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ወደ ፊት በምትሄድበት ጊዜ ተሽከርካሪ ክንፎቿ ዘወትር አዲስ አየር እያገኙ ይደገፋሉ፤ ባንድ ስፍራ ስትቆም ግን ራሷ ወደ ታች የገፋችው አየር መልሶ ስለሚያስቸግራት፥ ከፍ ያለ ጕልበት ማውጣት ግድ ይሆንባታል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው «እዚህ ላይ ቁምልኝ» ባለ ጊዜ ከሁሉ የከበደውን ሥራ መጠየቁ ነው። ልምድ ያለው አብራሪም ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ በዝግታ መዞርን ይመርጣል።

ይህን ያስረዘምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንባቢዎቻችን መካከል ብዙዎቹ፥ ሄሊኮፕተር ስትነሣ ከመሳፈር ይልቅ ማዘዝ የሚገባቸው ናቸውና፥ «አንድ ሰው ጨምር፥ ጥቂት ቅረብ፥ ጥቂት ዝቅ በል» የሚለው ቃል ከእነርሱ አፍ ይወጣል። አብራሪው እምቢ ያለ እንደ ሆነ ከትዕቢት ሊቈጠርበት አይገባም፤ ደመወዝ የሚበላው ለዚህም ጭምር ነው።

ከሰማይ ፎቶግራፍ ማንሣት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ አምስት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1926 ዓ.ም. ዋልተር ሚተልሆልዘር የተባለው የስዊስ አብራሪ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተሸጠውን የፎከር አውሮፕላን ይዞ መጣ፤ አገሪቱንም ከላይ እያየ ብዙ ፎቶግራፍ አነሣ። አውሮፕላን ግን ያልፋል እንጂ አይቆምም፤ ከተራራ ራስ ላይም አያርፍም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ጓድ አገሪቱን ሲቀይስ፥ ቀያሾቹን በየተራራው ጫፍ የምታወርዳቸው ሄሊኮፕተር ነበረች፤ በምድር ተለክቶ የታወቀ ነጥብ ከሌለ ከሰማይ የተነሣው ፎቶግራፍ ካርታ አይሆንምና። በ1977 ዓ.ም. የረኃብ ጊዜም ከፖላንድ የመጡት ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች አስቀድመው ከደጋው ሜዳ ላይ እያረፉ፥ ስፍራው በምልክት እንዲታወቅና ሕዝቡ ከነከብቱ እንዲርቅ ካደረጉ በኋላ ነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እህሉን የሚጥሉት።

በዚህች ሚ-8 በተባለችው ላይ የሚሠሩት ሁለት አብራሪዎችና አንድ የበረራ መሐንዲስ ናቸው። ለፎቶግራፍ የሚወጡት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ብርሃኑ በጎን ስለሚወድቅ ገደሉና ሸለቆው ተለይቶ ይታያል፥ አየሩም ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል። ስለዚህ መካኒኩ በሌሊት ተነሥቶ በመብራት እያየ ይፈትሻል። ማታ ደግሞ ሁሉ ወደ ማደሪያው ሲሄድ የሚቀረው እርሱ ነው። በደጋ አገር ጉም የያዘ እንደ ሆነ ሁለትና ሦስት ቀን ያለ ሥራ መቀመጥ አለ፤ በቤት ያለችው ሚስትም ዛሬ ይመጣል ብላ የሠራችውን ወጥ ለጎረቤት ታካፍላለች።

ፎቶግራፍ አንሺው ብዙ ጊዜ በሩ ተነቅሎ፥ በመታጠቂያ ታስሮ ይቀመጣል። የሄሊኮፕተሯ መንቀጥቀጥ ሥዕሉን እንዳያደበዝዝበት ክንዱን ከአካሏ ላይ አያስደግፍም፤ ካሜራውንም በሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ፍጥነት ይከፍታል። ባርኔጣም ሆነ የካሜራ ክዳን ከእጁ ቢያመልጥ ከጅራቷ መዘውር ገብቶ ሁሉን ሊያጠፋ ይችላል።

መታጠቂያውም ራሱ ጠላት የሚሆንበት ጊዜ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ አምስት ሰዎች በሯ በተከፈተ ሄሊኮፕተር ከተማውን ፎቶግራፍ ለማንሣት ወጡ። ከመካከላቸው የአንዱ ማሰሪያ ከወለሉ አጠገብ ያለውን የነዳጅ መዝጊያ ስለ ሳበው ሞተሩ ጠፋ፤ ሄሊኮፕተሯም ከወንዙ ላይ ወርዳ ተገለበጠች። አብራሪው ወጣ፤ አምስቱ ግን ከጀርባቸው የታሰረውን መፍታት ሳይችሉ ውኃ ውስጥ ሞቱ። እንግዲህ ልጁን ወደዚህ ዓይነት ጉዞ የሚሰድ ወላጅ፥ መታጠቂያው ጠንካራ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፥ ልጁ ብቻውን በቶሎ ሊፈታው መቻሉን በዓይኑ ይይ።

ሄሊኮፕተር ከሰፈሩ ሜዳ ያረፈች እንደ ሆነም፥ ወደ እርሷ የሚቀርብ ሰው አብራሪው ምልክት ሲሰጠው ከፊት ለፊት ይቅረብ፤ የጅራቷ መዘውር ሲዞር ለዓይን አይታይምና በኋላዋ ከቶ አይሂድ። ወይዛዝርት ነጠላቸውን አጥብቀው ይያዙ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ ከዐውድማ ላይ ባለበት ጊዜ የሚወርደው ነፋስ የዓመቱን ልፋት ይበትነዋልና፥ ለማረፊያ ከዐውድማ የራቀ ሜዳ ይመረጥ።

የወዳጃችን ፎቶግራፍ ዛሬ በእልፍኙ ተሰቅሏል። የደንዲ ሁለት ሐይቆች ተያይዘው እንደ 8 ቍጥር ሆነው ይታያሉ፤ ከዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ይህን ቅርጽ አያገኘውም። አባትዬው አሁን ቍጣው በርዶለት አብራሪውን ያመሰግናል። ልጁ ግን አልማረውም፤ እንግዳ በመጣ ቍጥር ሥዕሉን በጣቱ እያሳየ፥ «እኔ አልነበርሁበትም» ማለቱን አልተወም።