የተከራይ ሰኔና ሰኞ

ያገራችን ሰው መከራ ሲገጣጠምበት «ሰኔና ሰኞ ሆነብኝ» ይላል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ ቤት ለተከራየ ተማሪ ሰኔና ሰኞ የሚገጥመው መስከረም ላይ ነው። ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ደብተር ይገዛል፤ የገበሬው አባት ጎተራ ግን ባዶ ነው። በቆሎው ገና ማሳ ላይ ነው፤ ጤፉም አልታጨደም። ልክ በዚያን ሰሞን እትዬ አከራይ ብቅ ይሉና «ልጄ፣ መቼም ኑሮውን ታየዋለህ፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ጨመር አድርግልኝ። ካልሆነልህም ቤቱን እፈልገዋለሁ» ይላሉ።

ልጁ ምን ይበል? እሺ ካለ ከስንቁ ይቀነሳል። እምቢ ካለ ፍራሹን ተሸክሞ ሌላ ግቢ ያንኳኳል። እዚያም ያው ነው። ሦስተኛው መንገድ ትምህርቱን ትቶ ወደ ቀዬው መመለስ ነው። የቤት ኪራይ ወሬ የደመወዝተኛ ሮሮ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ገጠር ተወልዶ ከተማ የሚማረውን ልጅ አስቡት። ለእሱ ኪራይ ማለት ትምህርት ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ወጣት «ቤቱ የሳቸው ነው፤ ምን መብት አለኝ?» ሲል እንሰማለን። መብት አለህ ወንድሜ፤ አለሽ እህቴ።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2945 ጀምሮ ስለ ቤት ኪራይ ይደነግጋል። በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። ስለዚህ የውሉ ዘመን ሳያልቅ አከራይ ብቻውን ተነሥቶ ዋጋ መቀየር አይችልም። የውሉ ዘመን ካለቀ በኋላም ተከራዩ ቤቱ ውስጥ ሲቀመጥ አከራዩ እያወቀ ዝም ካለ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። በር ቆልፎ ዕቃ ወደ ውጭ መወርወርም ሕግ አይደለም። ካልተስማሙ ዳኛ አለ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ልኩንም የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ምዝገባውን የጀመረችው በዚያው ዓመት ነው። በክልል ግን አዋጁ የሚሠራባቸውን ከተሞች የመለየቱ ነገር ለክልሎች ተትቷል።

የእኛም ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የክልል ከተማ ሲባል ባሕር ዳርና ጎንደር ብቻ ትዝ እንዳይለን። ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለባት። የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2013 ተመርቋል። ሠራተኛና ተማሪ ሲበዛ ቤት ይወደዳል። ፍኖተ ሰላም የዞን ዋና ከተማ ናት፤ የመምህራን ኮሌጅና ሆስፒታል አላት። በ2015 ክረምት ክልሉ ውስጥ የተቀሰቀሰው ጦርነትም የብዙውን ሰው ገቢና የብዙውን ልጅ ትምህርት አናግቷል። ጥበቃ የሚያስፈልገው ይህ ተከራይ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

እትዬስ ምን በወጣቸው?

እውነት እንነጋገር ከተባለ አከራይ ሁሉ ጨካኝ አይደለም። በትናንሽ ከተሞቻችን ብዙው አከራይ ከተከራዩ ጋር አንድ ግቢ ይኖራል። ከጓሮ የሠሯት ክፍል ጡረታቸው የሆነች እናት ሞልተዋል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ብር በዶላር ፊት ክፉኛ ወድቋል። ዘይቱም ሲሚንቶውም ሲወደድ ኪራይ ባለበት ይቁም ማለት ለእትዬ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ኪራይን ጨርሶ ማሰር የሚያመጣውንም አይተናል። በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራይ በአዋጅ ተቀነሰ። ድሃው እፎይ አለ፤ እሰየው። ነገር ግን ያቺ ኪራይ ቤቱን ማደሻ አልሆነችም። የብዙ ቀበሌ ቤት ግድግዳ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ጀርመኖችም ቢሆኑ በርሊን ላይ በ2020 እ.ኤ.አ. ኪራይ ቢያስሩ፣ በዓመቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤታቸው «ይህ የከተማዋ ሥልጣን አይደለም» ብሎ ሻረባቸው። ስለዚህ እኛ ጭማሪ ይከልከል አንልም። ልክ ይኑረው፣ ጊዜ ይኑረው፣ አስቀድሞ ይነገር ነው የምንለው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ይጻፍ። ገበሬው አባት መሬቱን ሲያከራይ ምስክር አስቀምጦ ይዋዋላል። የልጁ ክፍል ግን በቃል ብቻ ይያዛል። ለምን? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ዋጋው፣ ዘመኑ፣ ጭማሪው መቼና በስንት እንደሆነ፣ የውኃና የመብራቱ ነገር።

ሁለተኛ፣ ክፍያ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን። ያ ካልሆነ በእጅ የተጻፈች ደረሰኝም ማስረጃ ናት።

ሦስተኛ፣ የጭማሪው ወር ከመስከረም ወደ ጥር ይዙር። ይህ የራሳችን ሐሳብ ነው። ያኔ እህሉ ተወቅቷል፣ በርበሬውም ገበያ ወጥቷል። ለገበሬ ልጅ መስከረም ላይ 200 ብርና ጥር ላይ 200 ብር አንድ አይደሉም። ይህን ለመስማማት አዋጅ አይጠበቅም፤ እትዬና የልጁ አባት ቡና ላይ ሊጨርሱት ይችላሉ።

አራተኛው የክልሉና የከተማ አስተዳደሮቹ ድርሻ ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አዋጁ ከሚሠራባቸው ከተሞች ይቆጠሩ፤ መዝጋቢ ጠረጴዛም ይቀመጥላቸው። ተከራዩ «ሄደህ አመልክት» ሲባል የሚሄድበት በር ይኑረው።

እስከዚያው እናንተ ይህን የምታነቡ ወጣቶች አንድ ነገር አድርጉ። ገጠር ታናሽ ወንድም ወይም እህት አላችሁ? በዚህ ዓመት ከተማ ገብተው ቤት ሲከራዩ ውሉን አብራችኋቸው ጻፉ።