የመልእክተኛ ጥበቃና የካርቱም ትምህርት

ለመንግሥት ሥራ ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ሰው ከመነሣቱ በፊት የሚሰጠው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ወረቀቱን እንዲጠብቅ፣ ያለ ጉዳይ በሌሊት እንዳይወጣ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ስለ ፖለቲካ እንዳይነጋገር ይነገረዋል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ይህን የመሰሉ መመሪያዎችን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው በመመለስ ብዙ ዘመን ያሳለፍሁ እንደ መሆኔ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። በዝርዝሩ ላይ የሹሙ ስም ከነማዕርጉ፣ ሆቴሉም ከነክፍሉ ቍጥር ይጻፋል፤ መኪናውን የሚነዳውና ቃሉን የሚያስተረጕመው ሰው ግን «ሌሎች ሠራተኞች» በሚል ቃል ይታለፋሉ። ይህ አሠራር የተረሳውን ሰው ብቻ ሳይሆን ሹሙን ራሱን የሚጎዳ መሆኑን ለማስረዳት እወዳለሁ። ለዚህም የጎረቤታችን ከተማ የካርቱም ታሪክ በቂ ምስክር ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በማርች 1 ቀን 1973 ማታ በካርቱም በሳዑዲ ዐረቢያ ኤምባሲ ግብዣ ተደርጎ ነበር። ግብዣው ከሥራቸው የሚሰናበቱትን የአሜሪካ ዲፕሎማት ጆርጅ ከርቲስ ሙርን ለመሸኘት ነበር። «ጥቁር መስከረም» የተባለው የፍልስጥኤማውያን ቡድን ስምንት ታጣቂዎች ገብተው ቤቱን ያዙ፤ በማግሥቱም አምባሳደር ክሊዮ ኖኤል፣ ሙርና የቤልጅግ ጉዳይ ፈጻሚ ጊ ኢድ ተገደሉ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 14 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዲፕሎማቶችንና እነርሱን የመሰሉ ሰዎችን የሚያጠቁ ወንጀለኞች የሚቀጡበትን ስምምነት ተቀበለ። ከዚያም በፊት የ1961 የቪየና ስምምነት በ29ኛው አንቀጽ የዲፕሎማት አካል የማይደፈር መሆኑን አረጋግጦ ነበር።

ነገር ግን የዚያው ስምምነት 38ኛ አንቀጽ እምብዛም አይነበብም። የተቀባዩ አገር ተወላጅ የሆኑ የኤምባሲ ሠራተኞች የሚያገኙት መብት ያው አገር በፈቀደላቸው መጠን ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። እንግዲህ ሹሙ የሚጠብቀው ሕግ አለው፤ በስፍራው የተቀጠረው ሾፌር ግን አለኝታው የአሠሪው ሕሊና ነው።

ጥይት ግን ማዕርግ አይለይም። በጃኑዋሪ 1 ቀን 2008 ሌሊት የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ባልደረባ የነበሩት ጆን ግራንቪል ከአዲስ ዓመት ዋዜማ በዓል ሲመለሱ በካርቱም መንገድ ላይ በመኪናቸው ውስጥ እንዳሉ ተተኰሰባቸው። ሱዳናዊው ሾፌራቸው ዐብዱረሕማን ዐባስ ረሐማም አብረው ሞቱ። በሌላ በኩል በጁን 26 ቀን 1995 በአዲስ አበባ በግብጹ ፕሬዚዳንት በሙባረክ ላይ አደጋ በተጣለ ጊዜ የዳኑት መኪናቸው ጥይት የማይበሳው ከመሆኑም ሌላ ወዲያው ዞሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስለ ተመለሰ ነው። ሹም ቢጠፋም ቢድንም መሪውን የያዘው ሰው ከጎኑ አለ። ይህን ሰው ሳይቈጥሩ ስለ ጥበቃ መነጋገር በር ሳይኖር ቍልፍ እንደ መግዛት ነው።

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ቅዳሜ ጧት በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል በካርቱም ውጊያ ተነሣ። አውሮፕላን ማረፊያው በመጀመሪያው ቀን የጦር ሜዳ ሆነ፤ ለመነሣት የተዘጋጀ የሳዑዲ አውሮፕላንም ተመታ። «ችግር ቢፈጠር በመጀመሪያው አውሮፕላን ተመለስ» የሚል መመሪያ በኪሱ የያዘ እንግዳ በዚያ ቀን ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ካርቱም፣ ሰሜን ካርቱምና ኦምዱርማን በነጭና በጥቁር ዓባይ የተለያዩ፣ በድልድዮች የተገናኙ ሦስት ከተሞች ናቸው። ድልድዩ በታጣቂ በተያዘ ጊዜ ማዶ ያደረ ሰው ከባልንጀሮቹ ተቈርጦ ይቀራል።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንዳንዶቹ መንግሥታት ሰዎቻቸውን በሄሊኮፕተር፣ ሌሎቹም ከኦምዱርማን በስተ ሰሜን ካለው ከዋዲ ሰይድና የጦር አውሮፕላን ማረፊያ አወጡ። ወደ 700 የሚሆኑ የተባበሩት መንግሥታትና የሌሎች ድርጅቶች ሰዎች ግን በመኪና ተሰልፈው እስከ ፖርት ሱዳን ሲጓዙ 35 ሰዓት ፈጀባቸው። ከአገሩ ተወላጆች የተቀጠሩት ብዙዎቹ ሠራተኞች እዚያው ቀሩ። ከዚህም የከፋ ነገር ተደረገ። ቪዛ ለመጠየቅ ፓስፖርታቸውን ለኤምባሲ ያስረከቡ ሱዳናውያን በሩ ሲዘጋ ወረቀታቸው በውስጥ ተቈልፎ ቀረ፤ ከምሥጢር ጽሑፎች ጋር ተቀድደው የጠፉም ፓስፖርቶች ነበሩ። ባለቤቶቹ ከጥይት አምልጠው ከድንበር ሲደርሱ ማንነታቸውን የሚያስረዱበት አጡ። ይህን ያደረገው ጠላት አይደለም፤ ጥንቃቄን ለራሱ ብቻ ያሰበ መሥሪያ ቤት ነው።

በዚያችው ከተማ ሌላ ዓይነት ታሪክ ደግሞ አለን። በ1940 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ከእንግሊዝ አገር ወደ ሱዳን የመጡት «ሚስተር ስትሮንግ» በሚል የተሰወረ ስም ነበር። ከጠላት ወሬ መሸሸግ እጅግ ያስፈልግ ስለ ነበር በአውሮፕላኑ የተቀመጡት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ የአካለ ጉዛይ ተወላጅና ብዙ ቋንቋ የሚያውቁት ሎሬንሶ ታእዛዝ ነበሩ። ቦታ ጠበበ ተብሎ ቋንቋ አዋቂው ወደ ኋላ አልቀረም። በካርቱም የመሰናዶ ወራት «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ ታትሞ ወደ አርበኞች ይላክ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በጃኑዋሪ 20 ቀን 1941 ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። የተላኩበትን ጉዳይ ለመፈጸም የሚያስፈልገውን ሰው ከራስ ጋር መቍጠር ማለት ይህ ነው።

አንዳንድ የአስተዳደር ሰዎች «የሌላ አገር ዜጋ የሆነውን ሾፌር ሁሉ በአውሮፕላን ጭነን ልናመጣ ነውን?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ፍርደ ገምድል አይደለም፤ ቦታም ገንዘብም ውስን ነው፤ የሌላውን መንግሥት ሥልጣንም መድፈር አይገባም። ነገር ግን የሚጠየቀው ይህ አይደለም። የሚጠየቀው ብዙ ወጪ የሌለውና ጦርነት ሳይነሣ ሊፈጸም የሚችል ነው።

አንደኛ፣ በጉዞው ዝርዝር ላይ ሾፌሩና አስተርጓሚው በስማቸው፣ ከነስልካቸውና ከቤተ ሰባቸው አድራሻ ጋር ይጻፉ፤ በክፉ ቀን ሹሙ ተጠርቶ «ተገኝቷል» ሲባል እነርሱም ይጠሩ። የጥቂት ወር ደመወዝም አስቀድሞ እንዲከፈላቸው ይፈቀድ፤ ባንክ ከተዘጋ በኋላ ውለታ መክፈል አይቻልምና።

ሁለተኛ፣ የማንም ሰው ፓስፖርት ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ በሌላ እጅ አይደር። መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ከሰንደቅ ዓላማው በፊት የሰው ወረቀት ይመለስ። ተጓዡም ግልባጩን ከዋናው ለይቶ ይያዝ።

ሦስተኛ፣ ማረፊያው ሥራው ካለበት የወንዝ ዳር ይሁን። የየብሱም መንገድ አስቀድሞ ይታወቅ፤ አንዱ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ሌላው ወደ ከሰላ፣ ሦስተኛው በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባትና መተማ የሚወስደው ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው። በዚህ ጉዳይ ከሾፌሩ የበለጠ አማካሪ አይገኝም፤ «በዚህ መንገድ አልሄድም» ሲልም ሊሰማ ይገባዋል።

አራተኛ፣ ጥሬ ገንዘብ በትንንሽ ኖት ይያዝ። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ በጣለችው የንግድ ማዕቀብ ምክንያት የውጭ ባንክ ካርድ በካርቱም አይሠራም ነበር፤ በ2023ም ባንኮቹ ራሳቸው ተዘጉ። ይህ ለነጋዴዎቻችን ይበልጥ ይመለከታል። ከመልእክተኞች ጋር አብሮ ለሰሊጥ ወይም ለከብት ንግድ የሚሄድ ሰው የዲፕሎማት ፓስፖርት የለውምና እንደ ደረሰ ስሙን በቆንስሉ ዘንድ ያስመዝግብ፤ ደላላውንና የጭነት መኪና ሾፌሩንም እንደ ራሱ ሰው ይቍጠራቸው።

አምስተኛ፣ የግብዣና የስብሰባ ሰዓት ከሚያስፈልገው ሰው በቀር ለማንም አይነገር፤ መንገድና ሰዓትም ይለዋወጥ። የ1973ቱን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ክቡራን አንባቢዎች፣ የሱዳን ሠራዊት በማርች 2025 ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ሰዎችም መሥሪያ ቤቶችም ቀስ በቀስ ወደ ከተማዪቱ መመለስ ጀምረዋል። መልእክተኞችና ነጋዴዎችም ተከታትለው መሄዳቸው አይቀርም፤ አዲስ የጉዞ ዝርዝርም ይጻፋል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዲሉ፣ ዝርዝሩ የሚታረምበት ጊዜ አሁን ነው። ወረቀቱን የሚፈርም ሹም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «ሌሎች ሠራተኞች» የሚለውን ቃል ሰርዞ በስፍራው የሰዎቹን ስም ያስገባ።