ማድረቂያ መጨመር መፍትሔ አይደለም

«ኢፖክሲ አልደርቅ ካለ ማድረቂያውን ጨምሩበት» የሚል ምክር ታትሞ አነበብሁ። ስሕተት ነው፤ ገንዘብም ያስከስራል። ምክሩ ከፖሊስተር የተወሰደ ይመስለኛል። ለፋይበርግላስ የሚውለው ፖሊስተር ከ1 እስከ 2 በመቶ በሚጨመር ቀስቃሽ ይጠነክራል፤ ቀስቃሹ ሲበዛ ይፈጥናል። የኢፖክሲ ማድረቂያ ግን ቀስቃሽ ሳይሆን የአካሉ ክፍል ነው፤ ከሌላው ክፍል ከሬዚኑ ጋር በልኩ ይያያዛል፣ የተረፈው ሳይያያዝ ቀርቶ ቅቡን ያለሰልሰዋል።

እንደ ሐይቅና አምባሰል ባሉ አካባቢዎች ደግሞ ኢፖክሲን ከመድረቅ የሚያዘገየው ብርዱም ነው። በደጋው ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ብዙው ኢፖክሲ መጠንከሩን ሊያቆም ይደርሳል፤ የክረምቱ እርጥበትም ፊቱን ሰም የመሰለ ቅባት ያለብሰዋል። ቅባቱ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ይለቅቃል። ክፍሉን አሙቁ፣ ጥቂት ቀን ጠብቁ። ያኔም ከተጣበቀ ልኩ ተዛብቷል ወይም በደንብ አልተማሰለም፤ ፍቃችሁ አውጡት፣ ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ለክታችሁ እንደገና ቀቡ።