ስለ ገበታችንና ስለ ባለ ሙያዎቹ፤ ከአዳማ እስከ ባቱ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ዛሬ ጕዞው እጅግ ቀንቶለታል። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የፍጥነት መንገድ፣ ከዚያም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሁለቱን ከተሞች አቀራርበዋቸዋል። ዳሩ ግን የፍጥነቱ መንገድ ግራና ቀኙ በአጥር የተከለለ ነው፤ መኪናን ከዳር አቁሞ ከአንዲት እናት ቅቤ መግዛት፣ ከአንድ ገበሬ ሽንኩርት ማስመዘን አይቻልበትም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር በየጣቢያው እየቆመ የሚሄድ ነበርና፣ መንገደኛው የየአገሩን ምግብ ከየአገሩ ሰው እጅ እየተቀበለ ይጓዝ ነበር።

ይህን ማለታችን አዲሱን መንገድ ለመንቀፍ አይደለም፤ በቶሎ መድረስ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ምግባችንን ከሚያዘጋጀው ሰው ጋራ የምንገናኝበት አጋጣሚ እያነሰ ሲሄድ በገበታችን ላይ የሚደርሰውን ጕዳት ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት ወደድን። ቅቤ ከሌላ ቅባት ጋራ ተደባልቆ፣ እንጀራም ጀሶ ተጨምሮበት ሲሸጥ ተያዘ የሚለውን ወሬ በየጊዜው ሰምታችኋል። እንዲህ ያለው ነውር የሚሠራው ሻጭና ገዢ በማይተዋወቁበት ስፍራ ነው። ባለ ሙያዋ በስሟ በምትታወቅበት መንደር ግን የተደባለቀ ቅቤ ይዛ ወደ ገበያ አትወጣም፤ ለምን ቢሉ በሚመጣው የገበያ ቀን ያችው ደንበኛዋ ትጠብቃታለችና ነው።

ብዙ ዘመን ናዝሬት ስትባል የኖረችው አዳማ ለዚህ ነገር የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ስትቀመጥ፣ በምዕራብ በኩል የአድአ የጤፍ ሜዳ፣ በደቡብ ምሥራቅ የአርሲ ደጋ፣ በሰሜን ምሥራቅ የፈንታሌ ቆላ፣ በደቡብ ምዕራብ የዝዋይ ሐይቅ ይገኙላታል። ስለዚህ ጤፉም፣ የደጋው ቅቤም፣ የግመሉ ወተትም፣ ዓሣውም ከሩቅ ሳይመጣ የሚገኝባት ስፍራ ናት።

በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው የአድአ መረሬ አፈር ነጭ ጤፍ የሚያበቅል መሆኑ በአገራችን ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ አንናገርበትም። በዚያው የሚገኘው የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. ያወጣው ቁንጮ የሚባለው ዘርም በብዙ ገበሬ ማሳ ላይ ተዘርቷል። አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። በከተማ የሚኖሩ አያሌ ባለ ቤቶች ማኛ ካልሆነ ጤፍ አይመስላቸውም፤ ለእንግዳ የቀረበው እንጀራ ጥቂት ከጠቆረ ያፍራሉ። ጀሶ የሚጨምረው አታላይም የሚመካው በዚሁ ንጣትን በማምለካችን ነው። ሠርገኛው ወይም ቀዩ ጤፍ በምግብነቱ ከነጩ አያንስም፤ ብዙውን ጊዜም ዋጋው ቀለል ይላል።

ከአዳማ ወደ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከሸለቆው ወደ ደጋው ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የቆላው ግራር ይቀርና የገብስ ማሳና የከብት መስክ ይተካል። የአርሲ ቅቤ ስሙ የወጣው ከዚህ ነው። ቅቤው ከምን እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል፤ የማን ገንዘብ እንደ ሆነ ግን የከተማው ሰው ብዙም አያስተውልም። በኦሮሞ ልማድ ወተቱና ቅቤው በሴቲቱ እጅ ያለ ሀብት ነው። ባል በበሬውና በወይፈኑ ሽያጭ ሲያዝ፣ ከቅቤው የሚገኘው ገንዘብ የምታዝበት እርስዋ ናት፤ ጨውና ሳሙና፣ የልጆቹ ደብተር፣ ለጎረቤት ለቅሶ የሚዋጣው ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ቅሉን በወይራ ጢስ ታጥናለች፤ ወተቱን አጠራቅማ ታረጋለች፤ ከዚያም ተቀምጣ ትንጣለች። በሌላ ቅባት የተደባለቀው ርካሽ ቅቤ በከተማ ገበያ ላይ ሲበዛ እንግዲህ የሚጎዳው የበላተኛው ሆድ ብቻ አይደለም፤ የዚህች ሴት ብቸኛ ገንዘብ ዋጋ ያጣል።

ቅቤ ስትገዙ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ተብሎ እንደሚለይ ታውቃላችሁ። ለጋው ለክትፎና ለፀጉር፣ በሳሉ ለወጥ ይሻላል የሚሉ ባለ ሙያዎች ብዙ ናቸው። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሻጪቱን «ከየት መጣ? ማንስ ናጠው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል እንላለን። መልሱን የምታውቅ ሻጭ አገሩንና ሰውን ጠርታ ትነግራችኋለች፤ የማታውቀው ግን ስለ ዋጋው ብቻ ታወራለች።

የአርሲ ሴቶች ሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በጭኮ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ገለባው ከተለየ በኋላ ይፈጫል፤ እስከዚህ ድረስ በሶ ነው። በሶ በውኃ ተበጥብጦ ለዕለት ይጠጣል ወይም ተጨብጦ ይበላል። ጭኮ ሲሆን ግን ጠብታ ውኃ አይነካውም፤ በኮረሪማና በሌላም ቅመም የተነጠረ ቅቤ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረበት ዱቄቱ ቅቤውን እስኪጠግብ ድረስ በእጅ ይታሻል። ጥበቡ ያለው በዚህ ላይ ነው። የተቆላ ዱቄት እርጥበት የለውም፤ በደንብ የተነጠረ ቅቤም ውኃው ተንኖ አልቋል፤ እንግዲህ ሻጋታ የሚበቅልበት እርጥበት ስለማያገኝ ጭኮ ሳይበላሽ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህም ለሩቅ መንገደኛ ስንቅ፣ ለአራስ ማጠንከሪያ፣ ለተከበረ እንግዳም መስተንግዶ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ በአዳማም በአዲስ አበባም በትናንሽ ዕቃ እየታሸገ ስለሚሸጥ በጥቂት ገንዘብ ሥራ የጀመሩ ሴቶች ይተዳደሩበታል። የጭኮ ዋጋ የቅቤው ዋጋ ነውና ቢወደድባችሁ አትደነቁ፤ እጅግ የረከሰ ጭኮ ስታገኙ ግን ያን ጊዜ ተጠራጠሩ፤ በዘይት ታሽቶ ይሆናልና። ከቤታችሁ ስትወስዱትም እርጥብ ማንኪያ አታግቡበት።

ከአዳማ የጅቡቲን መንገድ ይዞ ወለንጪቲን አልፎ መተሐራ የደረሰ ሰው ደግሞ የከረዩ አርብቶ አደሮችን አገር ያገኛል። የዚያ አገር ሀብት ግመል ነው። የግመል ወተት ቅባቱ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ተንጦ ቅቤ ለማውጣት ያስቸግራል፤ እንደ ደጋው እናት ወተቱን በቅቤ መልክ አቆይቶ መሸጥ አይሆንም። ባለ ግመሏ ያላት ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ በቶሎ ትሸጠዋለች፣ ወይ አርግታ ለቤተ ሰቧ ታጠጣዋለች። በጢስ የታጠነው የጥንቱ ዕቃ ወተቱን ከመበላሸት ያዘገየው ነበር። በዛሬው ጊዜ ብዙ ወተት የሚጓጓዝበት የፕላስቲክ ጀሪካን ግን አፉ ጠባብ ስለ ሆነ ውስጡን አጥርቶ ለማጠብ አይመችም። ይህን ወተት የምትገዙ ሁሉ አፍልታችሁ ጠጡት፤ ጥሬውን መጠጣት የቆየ ልማድ ቢሆንም ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አለና። የከረዩ የግጦሽ መሬት በአዋሽ ዳር የስኳር እርሻ ሲስፋፋና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲከለል እጅግ ጠብቧል። ግመል በደረቅ አገር ችሎ የሚኖር እንስሳ በመሆኑ፣ ወተቱ ገበያ ማግኘቱ ለነዚህ ሰዎች ቀላል ነገር አይደለም።

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ በቆቃና በመቂ አልፎ ወደ ባቱ ይወስዳል። በዚህ በኩል የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ይታያል፤ የብዙዎቻችን ወጥ መሠረት ከዚህ የሚመጣ ሽንኩርት ነው። አነስተኛው ገበሬ ውኃ በሞተር እየሳበ፣ ለነዳጅና ለመድኃኒት እየተበደረ ያበቅለዋል። ሽንኩርቱ የሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ ሰብሉም እንደ እህል በጎተራ የሚቆይ አይደለምና ደላላው በቆረጠለት ዋጋ ይሸጣል። እመቤቶቻችን በረከሰበት ጊዜ ጠርቀም አድርገው ቢገዙ ለራሳቸውም ለገበሬውም ይጠቅማሉ፤ አንገቱ የደረቀውን መርጦ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ሳይከምሩ ዘርግቶ ማስቀመጥ ነው እንጂ በላስቲክ ቋጥሮ ማኖር ያበሰብሰዋል።

ባቱ ስትደርሱ ሐይቁ ይቀበላችኋል። ዝዋይ፣ በኦሮምኛ ደንበል የሚባለው ይህ ሐይቅ ስፋቱ ትልቅ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው። መቂና ከታር የሚባሉ ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ይወጣበታል። በውስጡ ካሉት 5 ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የዛይ ሰዎች በነዚህ ደሴቶች ላይ ዓሣ እያሰገሩና እያረሱ ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ዛሬ ግን ከመካከላቸው ብዙዎቹ ወደ ዳር ከተሞች ወጥተዋል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ከዳር ያሉት ወጣቶች ቅርፊቱን ይገፋሉ፤ ሥጋውንም ከአጥንቱ በሚያስደንቅ ፍጥነት ይለያሉ። አባ ኮዳዎችም ካፖርት እንደ ለበሱ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ፤ አንዱ ቢዘገይ ጓደኛው ቀድሞ ይውጠዋል።

በሐይቁ ውስጥ በበላተኛ ዘንድ ከሁሉ የሚወደደው ቆሮሶ ነው። ሥጋው ነጭና ለስላሳ፣ አጥንቱም ለመለየት ቀላል በመሆኑ ሁሉም እርሱን ይጠይቃል፤ በጾም ወራትም ብዙ ሰው ወደ ዓሣ ስለሚመለስ ፍላጎቱ ይበልጥ ይጨምራል። የዚህን ዓሣ ጠባይ ግን ልትሰሙት ይገባል። የቆሮሶ እናት እንቍላሏን በውኃ ላይ ጥላ አትሄድም፤ በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ የተፈለፈሉትንም ጫጩቶች ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ በአፏ ትሰውራቸዋለች። በዚያ ጊዜ በመረብ የተያዘች እናት ከነልጆቿ ትጠፋለች ማለት ነው። መረቡ ዓይኑ ጠባብ ሲሆንም ገና ያልወለዱትን ትናንሾቹን ጠርጎ ያወጣል። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ አዋጅ በእያንዳንዱ ጀልባ ላይ ተቀምጦ መረብ አይለካም። ጠባቡን መረብ የሚያስጥለው የትንሹ ዓሣ ገዢ መታጣት ነው። መዳፍ የሚያህለውን ቆሮሶ በዘንቢል ሙሉ በርካሽ የሚገዛ ሰው እስካለ ድረስ፣ ሰፊ መረብ የያዘው ጨዋ ዓሣ አስጋሪ ባዶ እጁን ከሚመለስ እንደ ጓደኞቹ ማድረግን ይመርጣል።

ታዲያ ምን እንብላ? ብትሉ፣ ተለቅ ያለ ቆሮሶ ካገኛችሁ መልካም፤ ካላገኛችሁ በሐይቁ ውስጥ አምባዛና ካርፕም አሉ። አምባዛ ቅርፊት የሌለው በመሆኑ በሃይማኖት ሥርዓት ምክንያት የማይበሉት ሰዎች አሉ። ካርፕ ቅርፊት ያለው፣ ከሌላ አገር መጥቶ ወደ ሐይቁ የገባ ዓሣ ሲሆን፣ ሥጋው ብዙ ነው፤ የሚጠላውም ጥቃቅን አጥንት ስለሚበዛበት ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ መላ አለው።

ስትገዙ ዓይኑ ያልፈዘዘ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ፣ ሥጋውን በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የማይቀር ምረጡ። ቅርፊቱን ገፋችሁ ሆዱን ካጠራችሁ በኋላ ሁለቱን ጎን ከነቆዳው ከትልቁ አጥንት ለዩ። ከዚያ በተሳለ ቢላዋ ሥጋውን በአግድም፣ ቆዳውን ሳትቈርጡ፣ አጠገብ ለአጠገብ ቶሎ ቶሎ ሰንጥቁት፤ በስንጥቁና በስንጥቁ መካከል ያለው ስፋት ከአንዲት የስንዴ ቅንጣት ባይበልጥ ይሻላል። ይህ የሚደረገው የጋለው ዘይት በስንጥቁ ገብቶ የተቈራረጡትን ጥቃቅን አጥንቶች እንዲያበስላቸው ነው። ጨውና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ቀብታችሁ፣ ሎሚ ጨምቃችሁ ጥቂት አቆዩት። በስሱ ዱቄት ነስንሳችሁ ዘይቱ በደንብ ከጋለ በኋላ ስንጥቁን ወደ ታች አድርጋችሁ ጣሉት፤ ቡናማ እስኪሆን ድረስ አታገላብጡት። ያን ጊዜ ትናንሾቹ አጥንቶች ከሥጋው ጋራ የሚታኘኩ ይሆናሉ። ለሕፃናት ስትሰጡ ግን በእጃችሁ ፈልፍላችሁ አይታችሁ ይሁን። ከዳጣና ከትኩስ እንጀራ ጋራ ሳይቀዘቅዝ ይቀርባል።