መቀመጫ የነቀለው አየር መንገድ እና የተዘጋው የዑምራ ቢሮ

የካቲት 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከውጭ ለሚመጡ የዑምራ ተጓዦች በሯን ስትዘጋ በኢትዮጵያ ገና አንድም የኮሮና ታማሚ አልተመዘገበም ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ መኖሩ የተነገረው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን ነው። የዑምራ ጉዞ የሚያዘጋጁ ወኪሎች ዘንድ ግን ቀውሱ ከሌላው ነጋዴ ቀድሞ ደርሷል። ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ያህል የቀረበት፣ ለዚህ ሥራ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ወቅት ነበር። ከዚያ የ1441 ሒጅራ ሐጅ በሳዑዲ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሆነ፤ የ1442ቱም 60 ሺህ ለሚሆኑ የአገሪቱ ነዋሪዎች ብቻ ተፈቀደ። ከኢትዮጵያ ሁጃጅ እንደገና የተነሱት በ1443 ነው።

ከዚያው የቦሌ ማኮብኮቢያ የሚተዳደር ሌላ ድርጅትም ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ። የሁለቱም እንጀራ መንገደኛ ነው፤ ሁለቱም መንገደኛ አጡ። አንዱ ግን ቋሚ ሠራተኛ ሳያሰናብት፣ ከመንግሥት የመታደጊያ ገንዘብ ሳይጠይቅ ወጣ፤ ሌላው በሩን ቆለፈ። ልዩነቱን «ትልቅና ትንሽ ስለሆኑ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በዚያ ዓመት ከአየር መንገዳችን እኩል ወይም የሚበልጡ ድርጅቶች ሲወድቁ ስላየን ይህ መልስ ብቻውን አያጠግብም። ኤር ሞሪሺየስ በሚያዝያ 2012 በአስተዳዳሪ እጅ ገባ። የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ከወረርሽኙ በፊት ጀምሮ በሕግ የመታደግ ሂደት ውስጥ ነበር። ኤሚሬትስ እንኳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ቀንሶ ከዱባይ መንግሥት በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ካፒታል ተቀብሏል።

በጊዜው የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያም በመጋቢት መጨረሻ ላይ ድርጅታቸው እስከዚያ ወደ 550 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ ማጣቱን ተናግረው ነበር። በዓለም ደረጃ የ2020 የመንገደኞች ጉዞ ከቀዳሚው ዓመት በ66 በመቶ ገደማ ወርዷል። በዚያ ሰሞን ቦሌ ላይ አውሮፕላኖች ተደርድረው ቆመው ነበር። የቆመ አውሮፕላን ደግሞ ወጪው አይቆምም፤ ኪራይና የብድር ክፍያ አለው፣ ጥገና ይፈልጋል፣ አብራሪው ፈቃዱን እንዳያጣ ልምምድ ያስፈልገዋል።

አመራሩ ያነሳው ጥያቄ «መንገደኛው መቼ ይመለሳል?» የሚል ቢሆን ኖሮ መልስ አልነበረውም። የተጠየቀው ሌላ ነው፤ ሰው ባይንቀሳቀስ አሁንም የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው? ጭምብል፣ መመርመሪያ፣ መድኃኒት፣ የሐኪም ልብስ። እነዚህ ዕቃዎች በአብዛኛው የሚመረቱት ቻይና ነው፤ የሚፈልጋቸው ግን ዓለም ሁሉ ነው። ቀድሞ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ይጓጓዝ የነበረው ጭነት አውሮፕላኖቹ በመቆማቸው መሄጃ አጣ፤ የአየር ጭነት ዋጋም በብዙ እጥፍ ወጣ። አየር መንገዱ 12 የጭነት አውሮፕላኖች ነበሩት፤ አልበቃውም። ስለዚህ ከ25 ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖች መቀመጫ ተነቅሎ ወለላቸው ለካርቶን ተዘጋጀ። ሥራውን የሠሩት የራሱ የጥገና ባለሙያዎች ናቸው።

መጋቢት 13 ቀን የጃክ ማ እና የአሊባባ ፋውንዴሽኖች ለአፍሪካ የለገሱት ቁሳቁስ አዲስ አበባ ገባ። ለእያንዳንዱ አገር 20 ሺህ መመርመሪያ፣ 100 ሺህ ጭምብል እና 1 ሺህ የመከላከያ ልብስ ነበር፤ ከቦሌ ተነስቶ ለአህጉሩ አገራት ተከፋፈለ። ሚያዝያ 6 ቀን ደግሞ የዓለም የምግብ ፕሮግራም የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የአጋርነት በረራ ከዚሁ ተነሳ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የካቲት 28 ቀን 2013፣ 2.2 ሚሊዮን ገደማ የክትባት መጠን ቦሌ ሲደርስ ክትባቱን በቅዝቃዜ የሚያቆይ መጋዘን ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

ሠፈሩም አብሮ መልኩን ቀየረ። የአየር መንገዱ ስካይላይት ሆቴል ከውጭ ለሚገቡ መንገደኞች በራሳቸው ወጪ ለ14 ቀን የሚቀመጡበት ለይቶ ማቆያ ሆነ። ኤግዚቢሽንና ኮንሰርት የለመደው ሚሊኒየም አዳራሽም አልጋ ተዘርግቶበት የሕክምና ማዕከል ተደረገ።

ይህን ሁሉ የአንድ ሰው ብልጠት አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መቀመጫ መንቀል ሐሳቡ ከባድ አይደለም፤ ብዙ አየር መንገዶች አስበውታል። ከባዱ ሐሳቡ በመጣ ሳምንት ሊሠራው የሚችል እጅ መኖሩ ነው። የጭነት ሥራው አስቀድሞ ተገንብቷል። በ2009 ዓ.ም. ሁለተኛው የካርጎ ተርሚናል ሲመረቅ የቦሌ አቅም በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን ተጠግቶ ነበር። ያኔ «ይህን የሚሞላ ጭነት ከየት ይመጣል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አይፈረድበትም። የዘወትር ጭነቱ አበባና ሥጋ ነበር፤ ሥጋው ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች በሐላል መንገድ ታርዶ ወደ ጅዳና ዱባይ የሚላክ ነው። የጥገና ማዕከሉ፣ የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ በ2009 ዓ.ም. ከድርጅቱ ጋር የተዋሃደው የአውሮፕላን ማረፊያዎች ድርጅት ሁሉም ከወረርሽኙ በፊት የቆሙ እግሮች ናቸው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበት አደጋ ደግሞ አመራሩን ከአንድ ዓመት በፊት በከባድ ፈተና ውስጥ አሳልፎታል።

አየር መንገዱ ያለ ወቀሳ አላለፈም። በየካቲት ወር ብዙዎች ወደ ቻይና የሚያደርጉትን በረራ ሲያቆሙ እርሱ ቀጠለ። በአገር ውስጥም በጎረቤት አገራትም «በሽታውን ልታስገቡብን ነው» ተብሎ ተጮኸ፤ አቶ ተወልደ ቻይናን ማግለል ትክክል አይደለም ብለው ተከራከሩ። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ያ መስመር ባይቀጥል ግን በወሩ ጭምብሉን ከቻይና የማምጣቱ ሥራ በዚያ ፍጥነት እንደማይሆን ግልጽ ነው። በሠራተኛ አያያዙ ላይም ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ቅሬታ አሰምቷል። «ማንንም አላሰናበትንም» የሚለው አባባል ሲነገር ቋሚ ሠራተኛውን የሚመለከት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በዚያ ላይ ድርጅቱ የመንግሥት ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያውም የእርሱ ነው። ይህ ዕድል ለማንም ነጋዴ የለውም።

ወደ ራሳችን ነጋዴ እንመለስ። ቦሌ ሚካኤልን እናስብ። የሶማሌ ወገኖቻችን ንግድ ያደመቃት ይህች ሠፈር እንግዳ ማረፊያዋ፣ ምግብ ቤቷ፣ የልብስና የሽቶ ሱቋ፣ የሐዋላ ሥራዋ ሁሉ በአንድ ክር የተያያዘ ነው፤ ክሩ በረራ ነው። ከውጭ የሚመጣው ዘመድ ሲቀር ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ምግብ ቤቱም ይቀዘቅዛል። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከራይን ማስወጣትና የቤት ኪራይ መጨመርን፣ ሠራተኛ ማሰናበትንም ከልክሎ ነበር። ይህ ለተከራዩ እፎይታ፣ ለሠራተኛውም ዋስትና ነው። አሠሪው ግን ገቢ ሳይኖረው ደመወዝ እንዲከፍል ታዘዘ፤ ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል አዋጁ አልነገረውም።

የዑምራ ወኪሉ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። አንድ አገልግሎት፣ አንድ መድረሻ፣ አንድ ወቅት። የተጓዡን ገንዘብ አስቀድሞ ተቀብሎ ለሆቴልና ለትኬት ቀብድ ከፍሏል። ጉዞው ሲሰረዝ ተጓዡ ገንዘቡን ይጠይቃል፤ ቀብዱ ግን በቀላሉ አይመለስም። ይህ የሙያ ድክመት ሳይሆን የአደራ ጉዳይ ጭምር ነው፤ ሃይማኖቱን የሚያውቅ ነጋዴ የሰው ሐቅ ይዞ መተኛት አይሆንለትም። የተጓዥን ገንዘብ ከሥራ ማስኬጃው ለይቶ በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥ ባለሙያዎች ሲመክሩት የኖረ ነው። በዚያ ዓመት ይህን ያደረገ እና ያላደረገ ወኪል በደንበኛው ፊት የቆሙበት ቦታ አንድ አልነበረም።

እሺ፣ ሥራ ልቀይር ያለ ነጋዴስ ገንዘቡን ከየት ያገኛል? በዚያ ወቅት ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በአገሪቱ አንድም ሥራ አልጀመረም ነበር። የነበሩት በመደበኛ ባንኮች ውስጥ የተከፈቱ መስኮቶች ናቸው። ብሔራዊ ባንክ ለሙሉ ባንክ የሚፈቅደውን መመሪያ በ2011 ዓ.ም. አወጣ፤ ዘምዘም ባንክ ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ ጥረት በኋላ በሰኔ 2013 በሩን ከፈተ። ሂጅራ ባንክ ብዙም ሳይቆይ ተከተለ፤ ሸበሌና ራሚስ ባንኮችም መጡ። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም በተግባር በብዛት የሚሠራበት የፋይናንስ ዓይነት ሙራበሐ ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በዱቤ ይሸጣል። ውሉ ሐላል ነው፤ ነጋዴውን ግን በየወሩ ቋሚ ክፍያ ያለበት ባለዕዳ ያደርገዋል። ቀውስ መጥቶ ሱቁ ሲዘጋ ክፍያው አይዘጋም። ሙሻረካና ሙዳረባ ከዚህ የሚለዩት ባንኩ ከነጋዴው ጋር ትርፍም ኪሳራም መካፈሉ ላይ ነው። የእንግዳ ማረፊያውን ወደ መጋዘን ወይም ወደ ሌላ ሥራ ልለውጥ ለሚል ሰው የሚያስፈልገው ይህ ዓይነቱ ገንዘብ ነው። ባንኮች የሚሸሹበት ምክንያት አላቸው፤ የብዙው ነጋዴ ሒሳብ በወግ አይያዝም፣ ያልተመዘገበ ትርፍ ደግሞ ለመካፈል አይመችም። እዚህ ላይ ጥፋቱን ለባንክ ብቻ መስጠት ፍትሐዊ አይሆንም። ደብተሩን የማያሳይ ነጋዴ ሸሪክ ሊጠይቅ አይችልም።

ጉዳዩ የ2012 ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተነሳ። በ2016 ዓ.ም. የቀይ ባሕር ጥቃቶች መርከቦችን በደቡብ አፍሪካ ዞረው እንዲሄዱ አስገደዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዱቤ ዕቃ ያዘዘ አስመጪ ዕዳው በብር ሲሰላ አድጎ አገኘው። የሁለቱም ምንጭ ከወረርሽኙ የተለየ ነው፤ ያገኙት ግን ያንኑ በአንድ እግር የቆመውን ነጋዴ ነው።

የከወለድ ነፃ ባንኮቻችን ባለአክሲዮኖች በአብዛኛው እኚሁ ነጋዴዎች ናቸው። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ ትርፍ ድርሻ አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ መብታቸው ነው። ባንኩ ካወጣው ፋይናንስ ስንት እጁ በሙሻረካና በሙዳረባ እንደሄደ ጠይቀው መልሱን በቁጥር መቀበልም እንደዚያው መብታቸው ነው።