ያረጀ ቁልፍና አዲስ በር

ንግድ በእምነትና በመዝገብ የቆመ ሥራ መሆኑን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ ወዲህ አንድ አዲስ ችግር ተፈጥሯል፤ ይኸውም መዝገቡ በእጃችን እያለ መክፈቻው ከእጃችን መውጣቱ ነው። ስለዚህ ባለፈው የኮምፒዩተር ዘመን የተሠሩትን ብራውዘሮችና በላያቸው የሚሰኩትን ፕለጊኖች በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ለማሠራት ስለሚደረገው ትግል፣ ነጋዴውም በዚህ ነገር ሊይዘው ስለሚገባው መንገድ ጥቂት ለማመልከት እንወዳለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። በመርካቶ ያለው የጨርቃ ጨርቅ መጋዘናችን ከብዙ ዓመት በፊት የተገጠሙለት የጥበቃ ካሜራዎች አሉት። ካሜራዎቹ የቀረጹትን የሚያስቀምጠው መሣሪያ የሚከፈተው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ነው፤ በእርሱም ቢሆን አክቲቭ ኤክስ የሚባለው ፕለጊን ካልተሰካበት ምንም አያሳይም። አሮጌው ኮምፒዩተር አገልግሎቱን ጨርሶ አዲስ በገዛን በወሩ አራት ጥቅል ጨርቅ ከመጋዘን ጎደለ። ጥርጣሬው ሁሉ በሌሊት ዘበኛው ላይ ወደቀ። እርሱም «ጌታዬ፣ እኔን አይመኑኝ፤ ካሜራው ይመስክርልኝ» አለኝ። ካሜራው በእርግጥ ቀርጾ ይዟል፤ ዳሩ ግን አዲሱ ኮምፒዩተር ምስሉን ሊያሳየን አልቻለም። መሣሪያው ሲሞላ የቆየውን ምስል እያጠፋ አዲሱን የሚተካ ስለ ሆነ የቀሩን ቀናት ጥቂት ነበሩ።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ ለኮምፒዩተር ባለሙያው «የምትችለውን ሁሉ አድርግ» አልሁት። እርሱም የአዲሱን ኮምፒዩተር መከላከያ ዘጋ፤ ባለቤቱ ካልታወቀ ስፍራ አሮጌ ብራውዘር አወረደ፤ ፕለጊኑንም ያለ ጥያቄ እንዲገባ ፈቀደለት። ምስሉ ታየ። ጨርቁ በቀን፣ በራሳችን ሠራተኞች እጅ፣ ከሌላ ደንበኛ ጭነት ጋር በስሕተት ተጭኖ መውጣቱ ተረጋገጠ፤ ዘበኛውም ነጻ ሆነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን የሽያጭ መዝገባችን በሙሉ በማይታወቅ ቁልፍ ተቆልፎ፣ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ በመስታወቱ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። ኮምፒዩተሩን ኋላ የመረመረው ሰው ክፉው ፕሮግራም የገባው ከዚያው ከወረደው ብራውዘር ጋር መሆኑን አሳየን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በእኔ ላይ ደረሰ። ባለሙያውን አልወቅስም፤ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

የችግሩ ምንጭ እንዲህ ነው። ባለ 32 ቢት የተባለው ፕሮግራም ሊያመለክት የሚችለው የሜሞሪ ስፍራ ከ4 ጊጋባይት አያልፍም። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ይህ ስለ ጠበበ ኮምፒዩተሮች ወደ 64 ቢት ተሸጋገሩ። ባለ 64 ቢት የሆነው ዊንዶውስ አሮጌዎቹን ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች የሚያስተናግድ አስተርጓሚ አለው፤ ነገር ግን አስተርጓሚው የሚያገለግለው ሙሉውን ፕሮግራም እንጂ ግማሹን አይደለም። ፕለጊን ደግሞ ራሱን ችሎ የሚቆም ፕሮግራም ሳይሆን በብራውዘሩ ቤት ውስጥ ገብቶ የሚሠራ እንግዳ ነው። ባለ 64 ቢት በሆነ ብራውዘር ውስጥ ባለ 32 ቢት ፕለጊን በቀጥታ ሊገባ አይችልም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ አይነገርምና።

በዚህም ምክንያት በ2009 የወጣው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ሁለት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይዞ መጣ። አንዱ ባለ 64፣ ሁለተኛው ባለ 32 ቢት ሲሆን በተለመደው መንገድ የሚከፈተው ግን አሮጌው ባለ 32 ነበረ። ብዙ የንግድ ድርጅት ይጠቀምበት የነበረው ፍላሽ (በኪስ የምንይዘውን ማስቀመጫ ማለታችን አይደለም፤ በብራውዘር ላይ ይሰካ የነበረውን የአዶቢን ፕለጊን ነው) ባለ 64 ቢት ሆኖ የወጣው በ2011 ብቻ ነውና። በሊኑክስም በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያገናኝ ልዩ ድልድይ ተሠርቶ ነበር። አስተርጓሚ ግን ለዘለዓለም አይቀጠርም። አፕል በ2006 ከፓወር ፒሲ ወደ ኢንቴል ሲሸጋገር ያቆመውን ሮዜታ የተባለውን አስተርጓሚ በ2011 አሰናበተው፤ በ2019 በወጣው ካታሊና ደግሞ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ ከለከለ።

ብራውዘሮቹም በበኩላቸው እንግዶቻቸውን አንድ በአንድ አስወጡ። ክሮም በ2015፣ ፋየርፎክስ ደግሞ ከፍላሽ በቀር በ2017 የቀድሞዎቹን ፕለጊኖች መቀበል አቆሙ። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። በጃንዋሪ 2013 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሰዎች የጃቫን ፕለጊን ከብራውዘራቸው እንዲያጠፉ እስከ መምከር ደርሶ ነበር፤ ሌቦች በዚያ በር ይገቡ ነበርና። ፍላሽ በ2020 መጨረሻ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮም ፕሮግራሙ ራሱ አልሠራም አለ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በጁን 2022 ጡረታ ወጣ። ዊንዶውስ 11 የሚገኘው በ64 ቢት ብቻ ሲሆን ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል።

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ የተቸገረው መርካቶ ያለ ነጋዴ ብቻ አይደለም። አዶቢ ፍላሽን እንደሚያቋርጥ ያስታወቀው በጁላይ 2017፣ ማለት ከሦስት ዓመት በላይ አስቀድሞ ነበረ። ሆኖም የደቡብ አፍሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት አንዳንድ የግብር ቅጾቹ ቀኑ ሲደርስ ገና በፍላሽ ላይ ስለ ነበሩ፣ በጃንዋሪ 2021 እነዚያን ቅጾች ብቻ ለመክፈት የሚያገለግል የራሱን ብራውዘር ለግብር ከፋዮች ለማደል ተገደደ። በደቡብ ኮሪያ የባንክና የግዢ ሥራ ለብዙ ዓመታት በአክቲቭ ኤክስ ላይ ተጣብቆ ቆይቷል። በ2014 የዚያን ጊዜዋ ፕሬዚዳንት ፓርክ ግን ሄ ቻይናውያን በኮሪያ ቴሌቪዥን ድራማ ያዩትን ካፖርት ለመግዛት ፈልገው በዚሁ መሰናክል ምክንያት አለመቻላቸውን በአደባባይ አንሥተው ወቅሰዋል። ገዢ ገንዘቡን ይዞ በር ላይ ቆሞ ሻጭ በሩን መክፈት ሲያቅተው ከዚህ የባሰ የንግድ ኪሳራ ምን አለ?

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ምክር ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው «ያረጀውን ሁሉ ጣሉት» የሚል ነው። ይህ ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ በውጭ ምንዛሪ መሣሪያ የገዛ ነጋዴ ግን ገና የሚሠራውን ዕቃ መክፈቻው ስላረጀ ብቻ እንዲጥለው መምከር የኪሱን ሁኔታ አለማወቅ ነው። ሁለተኛው «እስከ ሠራ ድረስ አትንኩት፤ ሲያቆምም እንደ ምንም አሠሩት» የሚል ነው። እኔ የከሰርሁት በዚህኛው ነው። የእኔ አስተያየት ከሁለቱ የተለየ ነው፤ አሮጌው መክፈቻ ይኑር፤ ነገር ግን ከሌላው ሀብታችን ተለይቶ፣ የሚያበቃበትም ቀን ተወስኖለት ይኑር።

ይህንንም በሥራ ለማዋል አስቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል። ነጋዴ በዓመት አንድ ጊዜ ዕቃውን እንደሚቆጥር ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ካለው መሣሪያና መዝገብ ውስጥ በአሮጌ ብራውዘር ካልሆነ የማይከፈተው የትኛው እንደ ሆነ ቆጥሮ ይጻፍ። ከዚያም የዕቃውን ሠሪ ወይም አስመጪ ይጠይቅ። የካሜራ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ያለ ብራውዘር የሚያሳይ የራሳቸው ፕሮግራም ይኖራቸዋል፤ አንዳንዶቹም የውስጥ ፕሮግራማቸው ሲታደስ ፕለጊን ሳያስፈልጋቸው ይከፈታሉ። እኔ ይህን ጥያቄ ያቀረብሁት መዝገቤ ከጠፋ በኋላ ነው፤ መልሱም ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ሆኖ ተገኘ።

ሠሪው መልስ ከሌለው፣ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከሆነ፣ ማይክሮሶፍት ኤጅ በተባለው ብራውዘሩ ውስጥ የኤክስፕሎረርን አሠራር አስቀምጧል፤ አክቲቭ ኤክስንም ይቀበላል። ይህንን ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚያቆየው አስታውቋል። ስለዚህ ከማይታወቅ ስፍራ አሮጌ ብራውዘር ማውረድ አያስፈልግም፤ ፈቃዱንም ለዚያ ለአንድ መሣሪያ አድራሻ ብቻ መስጠት እንጂ በሩን ለሁሉ መክፈት አይገባም።

ይህም ካልበቃ አሮጌውን ኮምፒዩተር አለመጣል ነው። ነገር ግን ያ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ይቆረጥ፤ ኢሜይል አይከፈትበት፤ የሽያጭ መዝገብ አይቀመጥበት፤ በገመድ የሚገናኘው ከሚከፍተው መሣሪያ ጋር ብቻ ይሁን። ዕውቀቱ ያለው ባለሙያ ሲገኝ በአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን የሚባለውን አበጅቶ አሮጌውን ዊንዶውስ በዚያ ውስጥ ተዘግቶ እንዲኖር ማድረግ ይችላል፤ ከውጭው መረብ የመለየቱ ሕግ ግን በዚህም ላይ ይጸናል። ይህ መለየት ጥንትም የምናውቀው ነው፤ ላምባና ጨርቅ በአንድ መደርደሪያ የሚያስቀምጥ ባለ ሱቅ የለም።

ከሁሉ በላይ ግን አሮጌው መክፈቻ ገና ሲሠራ መዝገቡን ማውጣት ነው። ደረሰኙ፣ የደንበኞች ዝርዝር፣ የዕቃ ሒሳብ በማንኛውም ኮምፒዩተር ሊነበብ በሚችል ዓይነት፣ ማለት በፒዲኤፍ ወይም በተራ የሠንጠረዥ ፋይል ተገልብጦ በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ ይቀመጥ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በሩ ክፍት ሳለ የአንድ ቀን ሥራ የነበረው ከተዘጋ በኋላ የማይቻል ሊሆን ይችላል።

ወደ ፊት ለሚገዛው ደግሞ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሻጩ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። ዕቃው በአዲስ ብራውዘር ያለ አንዳች ፕለጊን ይከፈታልን? መዝገቡን ያለ ሻጩ ርዳታ በሌላ ፕሮግራም በሚነበብ ዓይነት ማውጣት ይቻላልን? ድጋፉስ እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት ይቆያል? መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ይጻፍ። ሻጩ ይህንን ለመጻፍ እምቢ ካለ የዕቃው ዋጋ በደረሰኙ ላይ ከተጻፈው እንደሚበልጥ ገዢው ይወቅ።

ምክር ቤታችንም በዚህ ረገድ ሊረዳን ይችላል። እያንዳንዱ ነጋዴ ብቻውን ሻጭን ቢጠይቅ ቃሉ ይቀልላል፤ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የገቡበት አንድ የውል ናሙና በምክር ቤቱ ተዘጋጅቶ ለአባሎች ቢታደል ግን ሻጮች መልሱን ይዘው መቅረብ ይለምዳሉ። ወጪው የጥቂት ገጽ ማሳተሚያ ነው፤ ጥቅሙ ግን የብዙ ሰው መዝገብ ነው።

የእኛ የሦስት ዓመት የሽያጭ መዝገብ አልተመለሰም፤ ከደንበኞቻችን ደረሰኝ እየለመንን ከፊሉን ብቻ በእጅ ጻፍነው። ዘበኛው ዛሬም በበሩ ላይ አለ። አንዳንድ ማታ ስወጣ «ጌታዬ፣ ካሜራው ይታያል ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። አሁን ያለ ሐሰት «ይታያል» ብዬ እመልስለታለሁ። ሌሎች ባልንጀሮቼ ነጋዴዎችም ይህን መልስ እንደ እኔ በኪሳራ ሳይሆን በጥንቃቄ እንዲያገኙት እመኛለሁ።