ሲስተርን ማን ከዳት?

ሰሞኑን በመኝታ ቤትም፣ በምግብ ሰልፍም፣ በክርክር ምሽትም አንድ ቃል እንደ ዳቦ እየተቆረሰ ይታደላል፤ «ከሃዲ» የሚል ቃል። የሚታደለው ለሌባ ሹም አይደለም፤ ለአየር ባየር ነጋዴም አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ ተምራ ስታበቃ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ እንግሊዝ ለምትሄደው ነርስ ነው። እንዲያውም አንድ የሕግ ተማሪ ወንድማችን ከመድረክ ላይ «ከጦር ሜዳ ከሚኮበልል ወታደር በምን ትለያለች?» ብሎ ሲጠይቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እጄን ባወጣም ሰዓት አልቋል ተባልኩ። እንግዲህ ሰዓት የማያልቅባት ይህች ወረቀት አለችልኝና መልሱን እዚህ ልስጥ።

በምን ትለያለች? ወታደር ሲኮበልል ጠመንጃውን ይዞ ይኮበልላል። ነርሷ ግን የተማረችውን ሁሉ የባዕድ አገር በር ላይ አስቀምጣ ነው የምትገባው፤ ያስቀመጠችውንም መልሳ ለማንሣት ከኪሷ ትከፍላለች። ይህን ሳያጣሩ መፍረድ ነው እኔን ያናደደኝ። (እሷ፣ እሷ እያልኩ የምጽፈው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው እንጂ እኛ አገር ወንድ ነርስ እንደ ልብ ነው፤ ስደቱም ጾታ አይመርጥም። ዓመተ ምሕረቶቹም ካልገለጽኩ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሟ ልጀምር። የቋንቋ ተማሪ ምን ያድርግ፣ ከስም መጀመር ልማዱ ነው። እኛ አገር ነርስ «ሲስተር» ትባላለች። የሰባ ዓመት አዛውንት የልጅ ልጃቸውን የምታህለውን ልጅ «ሲስተር፣ እባክሽ የኔ ልጅ፣ መርፌው እንዳያመኝ» ይሏታል። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ግን ሲስተር የማዕረግ ስም ነው፤ አንድ የሕሙማን ክፍል በኃላፊነት የምትመራ፣ ሌሎች ነርሶችን የምታዝ ማለት ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ወይም ጅማ ላይ አሥር ዓመት ሙሉ ሲስተር ስትባል የኖረች ሴት እንግሊዝ ስትደርስ የገዛ ስሟ ከፎቅ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያታል። እሷማ ገና ነርስ እንኳ አልተባለችም! እንግሊዝኛዋን ተፈትና፣ በኮምፒዩተር የሚሰጠውን ፈተና አልፋ፣ ቀጥሎ እዚያው አገር ገብታ አሥር ጣቢያ ያለውን የተግባር ፈተና እስክታልፍ ድረስ የምትሠራው በረዳትነት፣ የሚከፈላትም የረዳት ደመወዝ ነው። ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረች፣ ሰዓት ተይዞባት፣ ለአሥር ዓመት ስታደርገው የኖረችውን ነገር ታሳያለች።

ፈተና አይኑር አልልም። እናቴ ብትተኛ እኔም ማን መርፌ እንደሚወጋት ማወቅ እፈልጋለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ፈተናው እስኪደርስ ድረስ ያቺ ሴት ምንድን ናት? መልሱን ከቤቴ ላምጣው።

የአክስቴ ልጅ በአንድ የክልል ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርታ፣ ዲቪ ደርሷት ሜሪላንድ ገባች። እዚያ የነርስ ፈቃድ ለማግኘት መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃዋ ይመረመራል። ማስረጃውን ደግሞ ራሷ ይዛ ብትሄድ አይቀበሏትም፤ ያስተማራት ኮሌጅ በቀጥታ መላክ አለበት። ኮሌጁ ግን እሷ ከወጣች በኋላ ስሙም ቢሮውም ተለውጧል። አክስቴ ከሬጅስትራሩ መስኮት ሥር ስንት ቀን እንደቆመች እግዚአብሔር ይቁጠረው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ማኅተም ያዡ ፈቃድ ወጥቷል»፣ «ባለቤቷ ትምጣ»። ባለቤቷ ሜሪላንድ ናት ስትላቸው «እንግዲያው ትጠብቅ» አሏት። አሥራ አራት ወር ጠበቀች። ማስረጃው ሲደርስ ደግሞ በአእምሮ ሕሙማን ክፍል የተለማመደችበት ሰዓት ተለይቶ አልተጻፈም ተባለና ያንን ትምህርት ከፍላ እንደገና ተማረች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ ወደ ዋናው ፈተና የሚደረሰው፤ ኤንክሌክስ የሚሉት። ኮምፒዩተሩ መልስሽን እያየ ጥያቄውን ያከብዳል ወይም ያቀላል፤ ከ2023 ጀምሮ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ ነው። ክፍያው 200 ዶላር ሲሆን ከአሜሪካ ውጭ ሆኖ ለሚፈተን 150 ይጨመርበታል። ይህ 350 ዶላር ሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 20 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ያው ዓመት ሳያልቅ ከ40 ሺህ አለፈ። የነርስ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ለምታውቁት አልነግራችሁም።

በእነዚያ ዓመታት ልጅቷ ምን ትሠራ ነበር? በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሽማግሌ ታጥባለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ ታጎርሳለች። ይህን ሥራ መናቄ አይደለም፤ ከዚህ የከበደ ሥራ ጥቂት ነው። ነገር ግን በሽማግሌው አተነፋፈስ ላይ አንድ ነገር ስታይ፣ ያየችውን እንድትመረምር አልተፈቀደላትም። ዓይኗ ነርስ ነው፣ ወረቀቷ ረዳት ነው። ቅጹ ላይ የምትሞላው ሽማግሌው ከምሳው ስንት እጁን እንደበላ ነው፤ ሃምሳ ከመቶ፣ ሰባ አምስት ከመቶ። ዘጠኝ ዓመት ሕፃናትን ከሞት አፍ ስታወጣ የኖረች ሴት የሾርባ መዝጋቢ ሆነች ማለት ነው።

አንድ ቀን በስልክ ያጫወተችኝን ልንገራችሁ፤ እየሳቀች ነበር የነገረችኝ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። እዚያው ቤት አንዲት የኛ አገር እናት ተኝተዋል። እንግሊዝኛ አይችሉም። በዋሽንግተን አካባቢ አማርኛ እንግዳ ቋንቋ አይደለም፤ ከተማው በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እሷ ያለችበት ሜሪላንድም ቢሆን አስተርጓሚ በስልክ ይጠራል። ተጠራ። ድምፁ ገና የልጅ ነው፤ እዚያው ያደገ ይመስላል። እናትየው «ኧረ ልቤን አጥወለወለኝ» አሉ። ልጁ ምን ብሎ ተረጎመ? «ልቤን አመመኝ»! ወዲያው የልብ መመርመሪያው ማሽን እየተንኳኳ መጣ፣ ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጠፈ፣ ሴትዮዋ ደነገጡ። የአክስቴ ልጅ አልጋው አጠገብ ቆማለች። ማቅለሽለሽ መሆኑን፣ ምናልባትም ባዶ ሆዳቸውን የዋጡት መድኃኒት መሆኑን ታውቃለች። ለመተርጎም የምስክር ወረቀት የላትምና እንድትናገር አልተፈቀደላትም።

ይህ ነገር የሚያገባን እኛን ነው፤ በተለይ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የተባልነውን። ሕመም በአማርኛ ስንት ግሥ አለው? ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይሰቀስቀኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ያሳክከኛል፣ ይከብደኛል። ገበሬው ውጋት ያለው እንደሆነ ጎኑን፣ ቁርጥማት ያለው እንደሆነ ጉልበቱን ትይዛለህ፤ ጨጓራው ከሆነ ያቃጥለዋል፣ ጥርሱ ከሆነ ይጠዘጥዘዋል። አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ይህንን መዝገበ ቃላት በጆሮዋ ይዛ፣ አንዱን ግሥ ከሌላው ለይታ፣ ላብራቶሪ በሌለበት ቦታ ግማሹን ምርመራ በቋንቋ ትጨርሳለች። ይህ ዕውቀት ነው። የትኛውም ማስረጃ ላይ በሰዓት አልተጻፈም፤ የትኛውም ፈተና አይጠይቀውም። እዚያ ማዶ ሕመም ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ይነገራል፤ «ሕመምዎ ስንት ነው?» ይባላል፣ «ሰባት»። ይሁን፣ እሱም ጥቅም አለው። ግን ሰባት ምን ያህል እንደሆነ እንጂ ምን ዓይነት እንደሆነ አይናገርም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ነርሷን ማን አስተማራት? የኢትዮጵያ ገበሬና ግብር ከፋይ። እሺ፣ እውነት ነው። ማን ተጠቀመባት? እዚህ ላይ ነው አጨብጫቢው ዝም የሚለው። በእንግሊዝ የነርሶች መዝገብ ላይ በ2024 ከአምስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ከአገር ውጭ የተማሩ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ያወጣው ዘገባ እንደሚለው በዓለም ካሉት ነርሶች ከሰባቱ አንዱ ከተወለደበት አገር ውጭ ይሠራል። ለማስተማሪያው ሳንቲም ያላወጣ መንግሥት የበሰለ እህል ከሌላው ማሳ ያጭዳል። ለዚህ ደንብ የለም እንዴ? አለ። በ2010 የዓለም ጤና ጉባኤ የጤና ባለሙያ ከአገር አገር ስለሚመለመልበት ሁኔታ የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቋል፤ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው፣ የጣሰ አይቀጣም። በ2023 ደግሞ ከባድ የባለሙያ እጥረት ያለባቸው የ55 አገሮች ዝርዝር ወጣ፤ ኢትዮጵያም አለችበት። እንግሊዝ ዝርዝሩን ተቀብላ ቀጣሪዎቿ ከነዚህ አገሮች ሄደው እንዳይመለምሉ ከልክላለች። ነርሷ ራሷ ካመለከተች ግን መቅጠር ይቻላል። ደጅህን አንኳኩቼ ልጅህን አልጠራም፣ በሬን ከፍቼ ወጥ እያሸተትኩ እጠብቃለሁ እንደ ማለት ነው።

የእንግሊዝ ነገር ሌላም ያስታውሰኛል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ቤተሰቧ በስደት ሳለ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ በ1939 ጨረሰች። ነፃነት ተመልሶ አገሯ ብትገባም በ1942 ነቀምት ላይ በለጋ ዕድሜዋ አረፈች። ሲልቪያ ፓንክኸርስት እንግሊዝ ውስጥ እየዞረች ገንዘብ አሰባስባ፣ አዲስ አበባ ላይ በስሟ ሆስፒታል ተሠራ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ያን ጊዜ ስጦታው ከዚያ ወደዚህ ነበርና ተመስግኖበታል፣ በየመጽሐፉም ተጽፎበታል። ዛሬ ስጦታው ከዚህ ወደዚያ ሲሆን የሚጻፍበት ክህደት ተብሎ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?

«ታዲያ የገጠሯ ወላድ ምን ትሁን?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ አልሸሸውም። ነርሷ በሄደች ቁጥር ሌሊት ምጥ የያዛት አንዲት ሴት ትጎዳለች። ግን ይህን የምትጠይቁ ሰዎች፣ ተመርቀው ቅጥር አጥተው ቤታቸው የተቀመጡትን ነርሶች ለምን አትጠይቁላትም? ወላዷም ባዶ፣ ነርሷም ባዶ፤ በመሐላቸው የጠፋው የበጀት መደብ ነው። ደግሞስ ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ከኑሮው ጋር አይመጣጠንም፣ የዱቲ ክፍያ ይስተካከልልን ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ከመካከላቸውም የታሰሩ ሲኖሩ፣ ከእናንተ ውስጥ ለእነሱ ያጨበጨበ ማን ነበር? ስትጮኽ ያልሰማ ጆሮ ስትሄድ ኮቴዋን እንዴት ሰማ?

ሌላም ወገን አለ፤ እሱን ደግሞ የበለጠ እፈራዋለሁ። «እንላካቸው እንጂ! በብዛት እናሠልጥን፣ ዶላር ያምጡ» የሚል የሒሳብ ሰው። ፊሊፒንስ ይህን መንገድ ከሁሉ ቀድማ ሄዳለች፤ ከ1948ቱ የአሜሪካ የልውውጥ ፕሮግራም ጀምሮ ነርሶቿ አሜሪካ ሲሠሩ ኖረዋል። ገንዘቡ መጥቷል፣ አልክድም። በኮሮና ጊዜ ግን አንድ የአሜሪካ ነርሶች የሠራተኛ ማኅበር መስከረም 2020 ባወጣው ቆጠራ፣ ከአገሪቱ ነርሶች ውስጥ 4 ከመቶ ያህል ብቻ የሆኑት ፊሊፒናውያን ከሞቱት ነርሶች መካከል ግን ሲሶ ያህሉን ሆነው ተገኙ። የሒሳቡ ሰው ይህንን በየትኛው ዓምድ እንደሚጽፈው ይንገረኝ፤ በገቢ ነው በወጪ?

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ለማስተማሪያው ካሳ የሚጠየቀው ልጅቷ ሳትሆን የወሰዳት መንግሥት ይሁን፤ ደንቡም ከልመና ወጥቶ ውል ይሁን፤ በወሰዷት ነርስ ቁጥር ልክ የነርስ ትምህርት ቤት ወጪ ይሸፍኑ። የሥራ ልምዷም በመዝገቧ ይቆጠርላትና በባለፈቃድ ነርስ ሥር በነርስነት እየሠራች ትፈተን እንጂ ሾርባ ስትመዘግብ ዓመት አይለቅባት። ይህ ሩቅ ነው ካላችሁኝ ቅርቡን እንያዝ። የኛም ሬጅስትራር መስኮት ሥር የልጆቻቸውን ማስረጃ ሊያስልኩ የመጡ እናቶች ሐሙስ ሐሙስ ተሰልፈው አይቻለሁ፤ የተማሪዎች ማኅበር ቢሮው ለተመረቁ ነርሶች ማስረጃ የሚላክበትን ቀን በጽሑፍ ወስኖ መስኮቱ ላይ እንዲለጥፍ ይጠይቅ። እኛ የቋንቋ ክፍል ልጆች ደግሞ ከጤና ሳይንስ ተማሪዎች ጋር ሆነን የሕመም ግሦችን ከየክፍለ ሀገሩ እንሰብስብ፤ የጎጃሙን፣ የወሎውን፣ የሸዋውን፣ እያንዳንዱ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚይዝና በምን ዓይነት ሕመም እንደሚነገር። ለአስተርጓሚውም ለነርሷም ይጠቅማል። እኔ እስካሁን አርባ ሦስት ጽፌአለሁ፤ ያላችሁ ሰዎች ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው የዚህች ወረቀት ሣጥን ውስጥ ጣሉልኝ፣ ግሡን ከሰማችሁበት ወረዳ ስም ጋር።